በደቦ ያለቀው ሥዕሌ

ከመቱ ከተመለስኩ ወዲህ «እስቲ ኢሉባቦር እንዴት ነው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሻይ ይጋብዘኛል፣ ወንበሩን ያስጠጋል፣ እኔ አፌን ስከፍት እሱ ስለ ስኳር ወረፋ ማውራት ይጀምራል። ስለዚህ ነገሩን አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገለው ይሻላል። ስለ ሶር ፏፏቴ ለማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አላየሁትም። የመቱ ሰዎች ሊያሳዩኝ በተነሡ ቁጥር «መጀመሪያ ምሳ ቅመስ» ይሉኛል። ከዚያ ምሳ በኋላ እንኳን ፏፏቴ ድረስ፣ እስከ በሩም መሄድ አይቻልም።

የሄድኩት በሥራ ትእዛዝ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሥዕል ክፍል ደመወዝተኛ ነበርኩ፤ ራሴን የማስተዋውቀውም «የዘመኑ ሠዓሊ» እያልኩ ነበር። የዘመኑ ሠዓሊ ማለት ያኔ ለእኔ ሰው የማይገባውን ነገር የሚሥል፣ ጺሙን የማይላጭና ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ነው። የክፍል ኃላፊያችን ጓድ ታምራት «ዝምታ» የሚለውን ሥዕሌን፣ ነጭ ሸራ ላይ አንድ ጥቁር ክብ ያለበትን፣ መነጽሩን አድርጎም አውልቆም አየው።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

«አልቋል።»

«መቼ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ጥርስ የነከሰብኝ። በሳምንቱ አስጠራኝና «ኢሉባቦር ትሄዳለህ» አለ። «ከሕዝቡ መሐል ተቀምጠህ አንድ ሥዕል ትሠራለህ። ከዚያ ሕዝብ አንድ ሰው፣ ጓድ፣ አንድ ሰው ብቻ ‹ይህ ሠዓሊ ያስፈልገናል› ይበል፤ ብሩሽህ በእጅህ ይቆያል። ካልሆነ መፈክር ክፍል ትገባለህ።»

መፈክር ክፍል ምድር ቤት ነው። ቀይ ጨርቅ፣ ነጭ ቀለም፤ እሱ ሲያልቅ ደግሞ ቀይ ጨርቅ፣ ነጭ ቀለም። እዚያ የገባ ሠዓሊ ከዓመት በኋላ ሰላምታ የሚሰጠው እንኳ በቃለ አጋኖ ነው። አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ገብቶበት ነበር፤ ደረጃው ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደርክ!» ብሎ ክንዱን ወደ ላይ ይዘረጋል። ፈራሁ። በእውነት ፈራሁ።

የመጀመሪያው ቀን።

ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ሸራዬ በእንጨት ተወጥሮ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ረዳቱ ዞር ዞር ብሎ አየውና «በር ነው?» አለኝ።

«ሥዕል ነው።»

«የታለ?»

«ገና አልተሣለም።»

«ታዲያ ባዶውን ምን አስኬደው? እዚያ እንጨት ሞልቶ!» አለና እንደ በር ቆጥሮ አስከፍሎኝ፣ ከአንድ የብረት አልጋና ከዶሮ ቅርጫት ጋር ጣሪያው ላይ ጠፈረው።

ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን አሳየሁ። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የቀለም ቱቦዎቼን አገኘ። «ይህን ሁሉ የጥርስ ሳሙና የምትወስደው ልትቸረችር ነው?» አለኝ። ቀለም ነው ብዬ ብምልም አላመነኝም፤ አንዱን ከፍቶ ጣቱ ላይ ጨመቀው። ሰማያዊ ወጣ። ትንሽ አሰበና «የውጭ ነው» ብሎ ለጓደኛው አሳየው። ጓደኛው አሸተተው። ሦስተኛው ሊቀምሰው ሲል አውቶቡሱ ሙሉ ሰው «ኧረ አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጅማ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ዘመዴ ሆነ። አዲስ አበባ ጎረቤትህ ስምህን ሳያውቅ ዓመት ይሞላዋል። እዚህ ግን ጊቤን ሳንሻገር አንዲት ሴትዮ ለምን እንዳላገባሁ ጠየቀችኝ፤ መልሴ ስላላጠገባት ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ጅማ አደርን። የተከራየኋት ክፍል እኔንና ሸራውን አንድ ላይ አልቻለችም። በሩ እንዲዘጋ ሸራው አልጋው ላይ መጋደም ነበረበት፤ እኔ ከሥሩ ገባሁ። ከብርድ ልብሱ ይልቅ እሱ ይሞቃል።

ሁለተኛው ቀን።

ከአጋሮ ወዲያ መንገዱ ጫካ ውስጥ ገባ። እኛ ሠፈር ሦስት ባሕር ዛፍ አንድ ላይ ከቆመ «ጫካው ጋ ጠብቀኝ» እንባባላለን፤ እዚህ ደግሞ ዛፉ አላልቅ ብሎ ሰው ከመካከሉ ብቅ ሲል ያስደነግጣል። ኅዳር ስለሆነ ዝናብ የለም ብለውኝ ነበር። ይህን ያሉኝ ሰዎች ኢሉባቦርን አያውቁም፣ ዝናቡም ኅዳርን አያውቅም። በደሌን እንዳለፍን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ።

«ያንን በር አውርዱትና ጎማው ሥር እናንጥፈው» አለ ረዳቱ።

ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሸራዬ ላይ ተጋደምኩ። «መጀመሪያ እኔን አንጥፉኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ተሳፋሪው ተማከረና እኔን ከማንጠፍ መግፋት ይቀላል ብሎ ገፋ። መኪናው ሲወጣ እኔ ገና ጣሪያው ላይ ነበርኩ፤ እስክወርድ ማንም አልጠበቀኝም። ያዮ ከተማ ድረስ ከዶሮዎቹ ጋር ሄድኩ።

መቱ የገባሁት እንደ ራሰ ውሻ ተንጠባጥቤ ነው። ያረፍኩት እትዬ ብዙነሽ ቤት ነው። አባታቸው ድሮ ከመንዝ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሳቸው ግን ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲያዝኑ በአማርኛ፣ ሲቆጥሩ በሁለቱም ነው። እሳት ዳር አስቀመጡኝና በትኩስ ቅቤ የራሰ ጎደሬ አቀረቡልኝ። አዲስ አበባ አስተናጋጅህ «ልጨምርልህ?» ይልሃል፤ አይ ካልክ ይተውሃል። እትዬ ብዙነሽ ጥያቄ የሚባል ነገር አያውቁም።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ በሦስተኛው ሳህን ላይ።

«ሠዓሊ ነኝ። የዘመኑ ሠዓሊ።»

«የድሮዎቹማ ሞተዋል» አሉ። «በሕይወት ያለው ሁሉ የዘመኑ ነው። እሱስ ይሁን፣ ምን ትሥላለህ?»

ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እንደ ልማዴ ልቆጣ አሰብኩ። አፌ በጎደሬ ስለተሞላ አልሆነልኝም።

ሦስተኛው ቀንና ተከታዮቹ።

ሸራውን በረንዳው ላይ አቁሜ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ማየት ጀመርኩ። የአሠራሬ ዘዴ ይህ ነው፤ አያለሁ። አንዳንዴ ለሳምንት አያለሁ። አዲስ አበባ ይህን ሳደርግ ሰው «ዝም በሉ፣ እየሠራ ነው» ይላል። መቱ ግን አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ጋሽ ቶሌራ አሉ።

ጋሽ ቶሌራ ረጅም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ፣ በሠፈሩ የማንንም ሥራ የሳቸው ሥራ አድርገው የሚያዩ ሰው ናቸው። ለልጃቸው ቤት እየሠሩ ነበር፤ ማገሩ ቆሟል፣ ጭቃው ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ በላይ ብቅ ይላሉ።

«ሠዓሊ፣ ዛሬስ?»

«እያየሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ማሎ፣ እባክህ አይዞህ!»

በማግሥቱም «ዛሬስ?»፣ «እያየሁ ነው»፣ «አይዞህ።» አይዞህ ባሉኝ ቁጥር የምር የሚያስፈራ ነገር ያለ መሰለኝ። የቡታጅራው ልጅ ሸምሱ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለው፤ ቀለም ያለቀብኝ መስሎት በር ቀብቶ የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም በቆርቆሮ ይዞልኝ መጣ። አመሰገንኩት፣ አላለቀብኝም አልኩት። «ግዴለም፣ ይቀመጥ» ብሎ እግሬ ሥር አኖረው። እትዬ ብዙነሽ የሆድ ሕመም ነው ብለው ፌጦ አጠጡኝ። የእውነት የሆድ ሕመም የያዘኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ከብዙ ጭንቀት በኋላ አንዲት ቀይ መስመር አሠመርኩ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ መሐሏ ላይ ትንሽ ረገብ ያለች። ልቤ ተደሰተ። ምድርና ሰማይ የሚሳሳቡባት ክር ናት ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ቶሌራ ብቅ አሉ፣ ረጅም ጊዜ አዩዋት። «እስካሁን ይህችን ነው?» አሉና ከአጥሩ ወረዱ።

ጎሬ የሄድኩበት ቀን።

ለውጥ ቢጠቅመኝ ብዬ በቡና መኪና ጋቢና ጎሬ ወጣሁ። ጎሬ ኮረብታ ላይ ነው፤ ድሮ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኖቹና ያረጁ ቢሮዎቹ ያምራሉ ይባላል። እኔ ያየሁት ጉም ነው። የእንጦጦ ጉም ረፋድ ላይ ተነሥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ የጎሬ ጉም ግን ቤት ተከራይቶ የተቀመጠ ነው። በዚያ ጉም ውስጥ ስሄድ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተትኩና ሱሪዬ ከኋላ እስከ ጉልበት ተቀደደ።

አንድ ልብስ ሰፊ አይቶኝ ምንም ሳይጠይቅ እጄን ይዞ ሱቁ አስገባኝ። ሱሪዬን አስወልቆ ጋቢ አለበሰኝ፤ ቀዳዳውን ሰፍቶ በከሰል ካውያ ሲያደርቀው እኔ በጋቢ ተጀቡኜ ከደንበኞቹ ጋር በቆሎ ስበላ ዋልኩ። ሥራዬን ነገርኩት። ጭንቀቴንም ነገርኩት፤ አንዲት መስመር አሥምሬ መቅረቴን።

«ክር አልቆብህ ነው?» አለኝ ከልቡ አዝኖ።

ስለመሸ እሱ ቤት አደርኩ። ልክፈል ስለው ሱሪዬን መልሶ ሊቀድ ደረሰ።

በማግሥቱ።

ወደ መቱ ስመለስ ገና ከመንገዱ ዘፈን ሰማሁ። አንዱ ያወጣል፣ ብዙ ሰው ይቀበላል። ሠርግ ነው ብዬ ጫማዬን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ገባሁ። የእትዬ ብዙነሽ ግቢ ሰው ሞልቶታል። ሸራዬ በሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ገበታ ተዘርግቷል። ሰዉ እንደ አውድማ ከቦታል፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከፊሉ በእኔ ብሩሽ፣ ከፊሉ በሸምሱ የበር ብሩሽ፣ ከፊሉ በጣቱ ይቀባል። ጋሽ ቶሌራ ራስጌው ላይ ቆመው ያዘፍናሉ።

«መጣ! ባለቤቱ መጣ!» አሉ ሲያዩኝ። «በል አትንካ፣ አንተ ቁጭ በል። የደቦ ባለቤት አይሠራም።»

ደቦ! ሥዕሌን በደቦ እየጨረሱልኝ ነው። አጨዳ ያልደረሰለት፣ ቤት ያልቆመለት ጎረቤት ሲኖር የሚያደርጉትን ነው ያደረጉልኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጋሽ ቶሌራ ቦራ በሬያቸውን ሥለዋል፤ ቀንዱ ከሸራው ወጥቶ እንጨቱ ላይ ቀጥሏል። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ንቦቹን አንድ በአንድ። ሸምሱ ሚዛኑን። እትዬ ብዙነሽ በሠፈሩ ብቸኛ የሆነውን ማቀዝቀዣቸውን፣ ውስጡ እንዲታይ በሩን ከፍተው። ሁለት ሰዎች ፀሐይዋን እኔ ልሥል ተባብለው ስላልተስማሙ ሁለት ፀሐይ ወጥታለች። ከታች ጭቃ ውስጥ የሰመጠ አውቶቡስ ሰው ይገፋል፤ ጣሪያው ላይ እጁንና እግሩን ዘርግቶ የተጋደመ ጺማም ሰውዬ አለ። ወሬዬ ቀድሞኝ ደርሷል።

«ማን ንኩ አላችሁ?» ብዬ ጮኽኩ።

ዘፈኑ ቆመ። ጋሽ ቶሌራ ደነገጡ። «አልበላህም፣ አልተኛህም፣ ሸራው ደግሞ እንዳለ ነው። ሰው ሥራ ሲያቅተው እያየን ዝም እንበል?»

«አላቃተኝም፣ ጋሼ! እያሰብኩ ነበር!»

«እኛም አንተ ስታስብ አስበን ነው።»

«ይህ እኮ አሁን የእኔ ሥዕል አይደለም!»

«እንዴት አይደለም? ጤፍህን ደቦ ቢያጭድልህ ጤፉ የጎረቤት ይሆናል?»

ያን ጊዜ ቀይዋ መስመሬ ትዝ አለችኝና ፈለግኋት። መሐል ላይ አለች። ማንም አልነካትም። አንዲት ልጅ ከሥሯ የታጠበ ልብስ አስጥታባታለች፤ ሸሚዝ፣ ቀሚስ፣ የሕፃን ሱሪ። ልብሶቹ ግን መስመሯን እንዳይነኩ የጥፍር ያህል ዝቅ ብለው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል።

«እሷን ማንም እንዳይነካት ብያለሁ» አሉ ጋሽ ቶሌራ። «ልጁ ብዙ ደክሞባታል አልኳቸው።»

ከዚህ በኋላ እንዴት ይቆጣል? ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ። የደቦ ባለቤት ሠራተኛውን ማብላትና ጠላ ማጠጣት አለበት፤ የእኔ ንብረት አንድ ቱቦ ሰማያዊ የጥርስ ሳሙና ነው። እትዬ ብዙነሽ ሽሮና ጠላ አቅርበው ከእፍረት አወጡኝ። ጋሽ ቶሌራም «የአንተ ዳዶ ይሁን» ብለው ፈረዱ። ዳዶ ማለት ጉልበት በጉልበት ነው፤ ዛሬ ለአንተ ከሠሩ ነገ ለእነሱ ትሠራለህ። ሰዉ ሁሉ በማግሥቱ ጋሽ ቶሌራ ቤት ጭቃ ሊመርግ ስለነበር፣ ዕዳዬ ሁሉ ወደዚያ ግድግዳ ዞረ።

የጭቃው ቀን።

ጭቃ መርገጥ ሲያዩት ጭፈራ ይመስላል። አይደለም። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ስገባ እትዬ ብዙነሽ «እግሩም እንደ ብሩሹ ነው» አሉ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ በሦስተኛው ማንሣቱን ትተው በዙሪያዬ ረገጡ። ቀጥሎ የግድግዳ ድርሻዬን ሰጡኝ፣ ከመስኮቱ እስከ ማዕዘኑ። እዚህ ላይ ኩራቴ ተመለሰ። ሌላው ሰው ጭቃውን በእፍኝ እየወረወረ ሲደልዝ፣ እኔ በጣቶቼ ስስ አድርጌ እያለሰለስኩ፣ ማዕበል የመሰለ መስመር እያወጣሁበት መረግሁ። የዘመኑ ምርጊት! ራቅ ብዬ ስመለከተው አማረኝ።

ከሰዓት ዝናብ መጣ። የሌላው ሰው ጭቃ ባለበት ሲቆም የእኔ ድርሻ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማገሩ ራቁቱን ቀረ።

ጋሽ ቶሌራ መጥተው አዩት። «ስስ ነው» አሉ። ከዚያ የተሻለ ሒስ ሰምቼ አላውቅም።

አውቶቡሴ በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ አዲስ ጭቃ እስኪበስል ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ግዴለም፣ ድርሻህ ይጠብቅሃል» አሉኝ። እንደ ደግ የስንብት ቃል ቆጠርኩት። እኛ አገር «አንድ ቀን ቤት ና» የምንለው ቤታችንን ለማናሳየው ሰው ነው።

መመለስ።

በመመለሻው ኬላ ላይ ፈታሾቹ የተደበቀ ቡና ሊፈልጉ ወጥተው ሸራውን አወረዱት። ቡናውን ረሱት። «ይቺ በደሌ ላይ የሰመጠችዋ መኪና አይደለችም እንዴ?» አለ አንዱ። «ይሄ የተጋደመው ምን ሆኖ ነው?» አለ ሌላው። ሾፌሩም ወርዶ በሬውን አደነቀ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤው የሄድኩት ሥዕል ለሰው ሁሉ ገባው፤ ከእኔ መስመር በቀር። እሷን የልብስ ገመድ ነው ያሏት።

ጓድ ታምራት ከወር የመስክ ሥራ ተመልሶ ሸራውን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከየክፍሉ ሰው ጠራ። የማቀዝቀዣው ውስጥ ስንት እንቁላል እንዳለ ቆጠሩ። ከዚያ ሰዉ ሲበተን ወደ እኔ ዞረ።

«የትኛው ነው የአንተ?»

«ቀይዋ መስመር።»

«ገመዷ?»

ኩራቴን ዋጥ አደረግሁት። «ገመዷ።»

«የቀረውን ማን ሠራው?»

«ሕዝቡ። በደቦ።»

ጓድ ታምራት ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ሕዝቡ እንዲህ አድርጎ መሣል ከቻለ አንተ ለምን ታስፈልጋለህ?»

የጤፉን ነገር ነገርኩት። «ይህ ጤፍ አይደለም» አለ። «‹ያስፈልገናል› ያለ አንድ ሰው አለ ወይ?»

አሰብኩ። አብልተውኛል፣ አድርቀውኛል፣ ሱሪዬን ሰፍተውልኛል፣ ሥራዬን ሠርተውልኛል። ያስፈልገናል ያለ ሰው ግን አልነበረም። እንዲያውም እነሱ ናቸው ለእኔ ያስፈለጉኝ። «የለም» አልኩት።

«እንግዲያው ሰኞ ምድር ቤት» አለ፤ ፊቱ ግን ደስ አላለውም።

ቅዳሜ ብሩሾቼን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ሳለ፣ ጓድ ታምራትም የክፍሉን ቁልፍ ሊረከበኝ ቆሞ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ሸምሱ ነው። ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ መርካቶ መጥቶ ኖሮ፣ አንድ ቆርቆሮ ማር ታቅፎ ቆሟል።

«ጋሽ ቶሌራ ልከውኝ ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «‹ሠዓሊው መቼ ነው የሚመጣው?› ይላሉ። ቤቱ እኮ አልቋል፣ ቆርቆሮም ለብሷል። የአንተ ድርሻ ብቻ ነው ክፍት የቀረው። ጆንያ ጋርደውበታል።»

«ሌላ ሰው ለምን አይመርገውም?» አለ ጓድ ታምራት።

«እኛስ መች አላልናቸውም፣ ጌታዬ! ነፋስ ገባ፣ ብርድ ገባ፣ የጎረቤት ፍየል ሳትቀር በዚያ ገብታ እህል በላች። ልጃቸውም ቤቱ ሳይመረቅ አልገባም ብሎ ይነጫነጫል። እሳቸው በጄ አላሉም። ‹ማንም እንዳይነካው፣ የልጁ ነው› ይላሉ።»

ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ። በመንገድ ሥዕሌን ያዩልኝ፣ በአዳራሽ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ነበሩ። ሥራዬን ክፍት አድርጎ፣ ነፋስና ፍየል እያስገባ፣ ይመጣል ብሎ የጠበቀኝ ሰው ግን አልነበረኝም። እንባዬ መጣ፤ ማሩን የማይ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ጓድ ታምራት መነጽሩን አወለቀ። «ያስፈልጋል ማለት ነው?» አለ።

«ክረምት ሳይገባ» አለ ሸምሱ።

ጓድ ታምራት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተቀመጠና የይለፍ ወረቀት ሳበ። የጉዞው ምክንያት ከሚለው መስመር ሲደርስ ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ።

«ክፍቱ ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«ፍየል የሚያስገባ» አልኩት።

እንደዚያው አድርጎ ጻፈው።